የበርሜል ኩባያ

ጥቅምት 4

ለወንድሜ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ሰላምታዬ ይድረስህ። ፈጣሪ ከክፉ ዐይንና ከክፉ ጎረቤት ይሰውርህ፤ በር የሚዘጋብህን ሳይሆን የሚከፍትልህን ይዘዝልህ። እኔ ጉልበቴን ከማመሙ በቀር ደህና ነኝ። እዚያው የአረጋውያኑ መኖሪያ ምድር ቤት ውስጥ ሦስት ማጠቢያ ማሽንና አንድ መተኮሻ ይዤ አለሁ። በቀን መቶ አርባ አንሶላ በእጄ ያልፋል።

ደብዳቤህ ደረሰኝ። ስድስት መስመር ነው። በስድስት መስመር ውስጥ "ደህና ነኝ" የሚለውን አራት ጊዜ ጽፈኸዋል። ደህና ለሆነ ሰው አንዴ ይበቃዋል።

ደግሞ ሁለት ወፍራም የጥጥ ካናቴራ ላኪልኝ ብለሃል፤ ለሌሊት መቀየሪያ። አንተ እኮ ልብስ ሰፊ ነህ። የእስር ቤቱን ስፌት ክፍል የምትመራው አንተ ነህ። ልብስ ሰፊ ከባሕር ማዶ ካናቴራ ሲያዝዝ ሰምተህ ታውቃለህ? ሰውስ ሌሊት ካናቴራ የሚቀይረው ለምንድን ነው? ወንድምዓለም፣ እኔ አንሶላ አጣቢ ነኝ። የላቡን አንሶላ ከሽንቱ አንሶላ ዐይኔን ጨፍኜ በእጄ እለየዋለሁ። ሌሊት ሌሊት በላብ የሚጠመቅ ሰው ምን እንደሚያገኘውም አይቻለሁ።

የአክስታችን ልጅ ሹፌሩም ደውሎልኝ ነበር። በጠያቂ ቀን ከሽቦው ወዲያ አፍህን በጨርቅ ይዘህ መጣህ አለኝ። ምን ሆኖ ነው ብለው "ብርድ ነው" አለ። እሱ መኪናው ቢገለበጥም ብርድ ነው የሚል ሰው ነው።

እውነቱን ጻፍልኝ። ሰባት ዓመት የተፈረደብህ ባለመጠየቅህ ነው። ሰዎች መጥተው አሥር የዘበኛ ዩኒፎርም ስፋልን ሲሉህ፣ ለማን ነው ሳትል ሰፋህላቸው፤ እነሱም ያንን ለብሰው መጋዘን ሙልጭ አድርገው ሄዱ። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው፤ እኔ ደግሞ ሳልጠይቅ አላድርም።

እህትህ


ጥቅምት 26

እናትም እህትም ሆነሽ ላሳደግሽኝ፣ ለእታለም፣

ናፍቆቴና ሰላምታዬ በያለሽበት ይድረስሽ። ጉልበትሽን ይማርልኝ። ከአንቺ በፊት ይህን ደብዳቤ ከፍተው ለሚያነቡት የቢሮ ሰዎችም አክብሮቴ ይድረስ።

ደህና ነኝ። ባዘዝሽው መሠረት አንዴ ብቻ ጽፌዋለሁ።

ሳሉ የጥጥ ብናኝ ነው። ስፌት ክፍሉ መስኮት የለውም፤ አሥራ አንድ ማሽን ሲሽከረከር የሚነሳውን ብናኝ ብታዪው ቤቱ ጉም የገባበት ይመስልሻል። ደረቅ ሳል ነው፤ አክታ እንኳ የለውም። ሰሞኑን የጤና ሰዎች መጥተው የመኝታ ክፍላችንን አርባ ሁለት ሰው በየኩባያው አክታ አስተፍተው ሄደዋል። ውጤቱ ንጹህ እንደሚሆን እርግጠኛ ነኝ።

ኑሮዬን ከጠየቅሽኝ፣ የምተኛው በሁለት ሰዎች መካከል ነው። በግራዬ በርሜል የምንለው አለ፤ ወዛደር ነበር፣ ደረቱ ስሙን ያወጣለት ነው፣ ሲያንኮራፋ ጣራው ይነቃነቃል። ጤና ሰው ሆኖ ቢመጣ እሱን ይመስላል። በቀኜ መምህሩ ናቸው። ሠላሳ ዓመት ሒሳብ ያስተማሩ ሽማግሌ ናቸው፤ አሁንም እኔን ከማስተማር አላረፉም። ይህን ስጽፍ እንኳ አጠገቤ ሆነው "ነጠላ ሰረዝህን አትርሳ" እያሉኝ ነው። አንድ ሴት ልጅ አለቻቸው፤ አንድም የጠያቂ ቀን አምልጧት አያውቅም።

አመክሮ ሰጪው ኮሚቴ ሚያዝያ ላይ ይቀመጣል። ከሥራው ያልጎደለና ጥፋት የሌለበት ሰው ሁለት ዓመት ከመንፈቁ ይማርለትና ግንቦት ላይ ይወጣል። ስፌት ክፍሉን አንድ ቀን አላጓደልኩም። ስለዚህ እባክሽ ለማንም፣ ስለ ምንም፣ ከዚያ ሆነሽ እንዳትጽፊ። ትርጉሙ ይገባሻል።

ካናቴራውን ተይው። ይልቅ ለመምህሩ የማንበቢያ መነጽር ፈልጊላቸው። የሳቸው አንዱ መስተዋት ከተሰነጠቀ ዓመት አልፎታል።

ወንድምሽ


ኅዳር 14

ለወንድሜ፣

የሰማይ አባት ውሎህንና አዳርህን ይባርክልህ። የቢሮው አንባቢያችንም እንደምን ሰነበቱ? የሚቀጥለውን አንቀጽ ቢዘሉልን ደስ ይለናል፤ የቤተሰብ ጉዳይ ነው።

ውጤቱ ንጹህ እንደሚሆን እርግጠኛ ነኝ አልክ። በምን ዐወቅህ? ፈተናው ሳይታረም ማለፉን ያወቀ ተማሪ ወይ ሊቅ ነው ወይ ኮራጅ ነው። ሊቅ አለመሆንህን ደግሞ ያሳደግኩህ እኔ ዐውቀዋለሁ።

የጥጥ ብናኝ ከሆነ በዕረፍት ቀን ሊተውህ ይገባል። ስፌት ክፍሉ እሁድ ይዘጋል፤ ይህን አንተው ነህ ከዚህ በፊት የጻፍክልኝ። እኔም ሹፌሩን እሁድ ሂድ ብዬ ላክሁት። "ሰኞ ይመቸኛል" ሲል "እሁድ ነው ያልኩህ" አልኩት። ሄዶ ሰማህ። ሲያነጋግርህ አራት ጊዜ በሳል አቋረጥከው። ስትመለስም ግድግዳ ይዘህ ነው አለኝ። እሱ እንኳ በዚህ ጊዜ ብርድ ነው አላለም።

በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም። ይህን እናታችን ከመሞቷ በፊት ለአንተም ለእኔም እኩል ነው የነገረችን። እኔ ሰምቻለሁ። አንተ በዚያን ሰዓት የት ነበርክ?

መነጽሩን በሹፌሩ እጅ ልኬያለሁ። ደርሶ እንደሆነ መምህሩ ራሳቸው አንድ መስመር በእጃቸው ይጻፉልኝ። ሹፌሩን ስለምጠረጥር አይደለም፤ ሁሉንም ስለምጠረጥር ነው።

እህትህ


ታኅሣሥ 20

ለእታለም፣

ሰላምታዬ ከፍቅር ጋር ይድረስሽ። ይህን ደብዳቤ ከአንቺ በፊት ማንም አላነበበውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያለሁት መለያ ክፍል ነው፤ ከሌሎቹ ክፍሎች ጀርባ፣ ከውሃ ታንከሩ አጠገብ። ስድስት አልጋና ሁለት ሰፋፊ መስኮት አለን፤ በየጠዋቱም አንዳንድ ብርጭቆ ወተት ይሰጠናል። ከዚህ የሚወጣ ወረቀት ዘበኞቹ በጣታቸው አይነኩትም፤ በሽታው በቀለም የሚጋባ ይመስላቸዋል። የእስር ቤቱ ነርስ ራሷ ናት አሽጋ የምትልከው፤ ያንቺንም በእሷ ስም ላኪው፣ ሳትከፍት ትሰጠኛለች። ስለዚህ ከታሰርኩ ወዲህ የልቤን ስጽፍልሽ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ቲቢ ነው እታለም። ኩባያዬ ተሞልቶ ተገኘ። ወደ ከተማው ሆስፒታል ወስደው ደረቴን ፎቶ አነሱት፤ እዚያም አለ። ኅዳር 20 መድኃኒት ጀመርኩ። በሦስተኛው ቀን ሽንቴ ቀይ ሆኖ ሲወርድ መረዙኝ ብዬ ኪኒኑን ከምላሴ ሥር እየደበቅኩ መትፋት ጀመርኩ። ነርሷ ያዘችኝ። "መድኃኒቱ ነው የሚያቀላው፤ ቀይ ካልሆነ ነው የምትፈራው" አለችኝና አፌን አስከፍታ እስክውጥ ቆመች። አላመንኳትም። የአጠገቤን ሰው ጠየቅኩ፤ የሱም ቀይ ነው። ያኔ ዋጥኩ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሌላ ኪኒን ጨመረችልኝ። እሱን ጠዋት ትሰጠኛለች፤ ማታ መጥታ ያንኑ ትደግመዋለች። ውጭ የሚወስዱት በቀን አንዴ ብቻ ነው። እኔን መሞከሪያ አደረገችኝ ወይ ብዬ ስጠረጥራት የቲቢው መድኃኒት የዚህኛውን ጉልበት ስለሚያደክመው እጥፍ መሆን አለበት አለችኝ።

ውጭ በቀን አንዴ እንደሚወሰድ በምን ዐወቅህ ትይኛለሽ። አንቺ ሳትጠይቂኝ ልናገር። እወስደው ነበር። ኤች አይ ቪ በደሜ ውስጥ መኖሩን ካወቅኩ አምስት ዓመት አለፈኝ፤ ከመታሰሬ በፊት ነው። እዚህ ስገባ ተውኩት። መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች በየጠዋቱ በግቢው መሃል ተሰልፈው፣ አራት መቶ ሰው እያያቸው ነው የሚውጡት። በዚያ ሰልፍ የቆመ ሰው ስም አይኖረውም። አፈርኩ። አንቺንም አፈርኩሽ።

ለሹፌሩ ቲቢውን ንገሪው። ሌላውን አደራ። ምንም አትላኪልኝ፤ ምንም አልፈልግም።

ወንድምሽ


ጥር 8

ወንድሜ፣ የኔ ልጅ፣

ደብዳቤህ ዛሬ ጠዋት ደረሰኝ፤ ዛሬውኑ እጽፍልሃለሁ። ፈጣሪ የዋጥከውን መድኃኒት ሁሉ መድኃኒት ያድርግልህ።

ማሽኖቹን አስነስቼ፣ ጩኸቱ ሲበረታ አለቀስኩ። አምስት ዓመት! ከአምስት ዓመት በፊት የመድኃኒት ቤቱን ባለቤት ልጅ ልታገባ ቀን ተቆርጦ ሳለ ነገሩ ፈረሰ። "ኮራችብኝ" አልከኝ። እኔም ያቺን ልጅ ሁለት ዓመት ሙሉ ረገምኳት። ጠዋት ስነሳ ረገምኳት፣ ስተኛ ረገምኳት። ሰው በከንቱ አስረገምከኝ። ብትነግረኝ ምን አደርግህ ነበር? አንሶላህን አልለይ፣ ብርጭቆህን አልለይ። እዚህ ምድር ቤት ውስጥ የስንቱን ደምና አክታ ነው በእጄ የማጥበው። የኔን ወንድም ልጸየፍ?

በደንብ ቆጥረህ ውጥ። ነርሷን አትጠርጥራት። መጠርጠሩን ለኔ ተውልኝ፤ ሥራዬ ነው።

አሁን ወደ ሥራዬ ልመለስ። ደብዳቤዎችህን አልጋዬ ላይ ደርድሬ አነበብኳቸው። ጥቅምት ላይ "ደረቅ ሳል ነው፤ አክታ እንኳ የለውም" ብለሃል። ታኅሣሥ ላይ "ኩባያዬ ተሞልቶ ተገኘ" ብለሃል። አክታ የሌለው ሰው በምን ሞላው? ደግሞ ያን ጊዜ ውጤቱ ንጹህ እንደሚሆን እርግጠኛ ነበርክ። እንደታመምክ እያወቅክ፣ ላብህ በየሌሊቱ እየነገረህ፣ እርግጠኛ ነበርክ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ወንድምዓለም። ያንተ ስንቅ አልቋል።

ያ ኩባያ የማን ነው?

እህትህ


ጥር 29

ለእታለም፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? እኔ በአራት ኪሎ ከብጃለሁ፤ ላቡም ትቶኛል። መነጽሩ ደርሷል። መምህሩ በእጃቸው ጽፈው በነርሷ በኩል የላኩልኝ ከዚህ ጋር አለ፤ አንድ መስመር ብትያቸው አንድ ገጽ ጽፈው፣ ያንቺንም የኅዳር ደብዳቤ ሦስት ቦታ አርመውታል።

ያ ኩባያ የበርሜል ነው።

አክታ የሚሰበሰብ ዕለት ለእያንዳንዳችን ቁጥር በፕላስተር የተለጠፈበት ኩባያ ሰጥተው በግቢው በታተኑን። ዘበኛው እንዳይጋባበት ፈርቶ ከሩቅ ቆሟል። እኔ የጤነኛ አክታ ነበር የምፈልገው፤ ከስፌት ክፍል እንዳልወጣ፣ ደሜንም እንዳይመረምሩኝ። በርሜል ደግሞ የበሽተኛ አክታ ነበር የሚፈልገው። መለያ ክፍል አልጋና ወተት አለ ሲሉ ሰምቷል። ዓመታት ሲሚንቶ ላይ የተኛ ሰው ለአልጋ ብሎ የማያደርገው የለም። እኔ ከክፍሉ ሁሉ ጤነኛ የምለው እሱን ነው፤ እሱ ከክፍሉ ሁሉ በሽተኛ የሚለው እኔን። ተያየን። ጠጋ አለኝና "አንተ፣ እንለዋወጥ?" አለኝ። እኔ ስንት ጊዜ ጎርጉሬ ያወጣሁት ምራቅ የሚመስል ነገር ነው። ፕላስተሮቹን ልጠን አቀያየርን። ሁለታችንም ሌላውን የሸወድን መስሎን እየሳቅን ተመለስን።

ውጤቱ ሲመጣ በኔ ቁጥር የገባው የበርሜል አክታ በቲቢ ተሞልቷል። በሱ ቁጥር የገባው የኔው ንጹህ ነው። እኔን ወደ አልጋና ወተት ወሰዱኝ፤ እሱ ሲሚንቶው ላይ ቀረ።

ነርሷ ሳታውቀው አንድ ነገር ነገረችኝ። ሁለቱ በሽታዎች አንድ ሰው ላይ ሲገናኙ አክታው ብዙ ጊዜ ይዋሻል፤ ሳንባ እየተበላ ኩባያው ንጹህ ይሆናል አለች። የራሴን ኩባያ ሰጥቼ ቢሆን ኖሮ ንጹህ ነህ ብለው ወደ ስፌት ክፍል መልሰውኝ እዚያው ማሽኔ ላይ እሞት ነበር። ማጭበርበሬ አዳነኝ። ያዳነኝ ሰው ግን ኪኒን የለውም።

እሱስ አይናገርም ወይ እንዳትይኝ። በነርሷ መስኮት አስጠርቼ ነገርኩት። "አንተ ነህ የታመምከው፤ ሂድና ንገራቸው" አልኩት።

"አንተ ሰውዬ፣ ሰው ስትሸውድ ትንሽ አታፍርም?" አለኝ። "ፕላስተሩን መልሰህ ለጥፈኸዋል። አልጋው ላይ የተኛኸው አንተ፣ ወተቴን የጠጣኸው አንተ። አሁን ደግሞ በሽተኛው እኔ ሆንኩ?"

"በእናቴ ሞት መልሼ አልለጠፍኩም።"

"እናትህን ተዋት እባክህ፤ እሷ እንኳ ትረፍ" ብሎኝ ደረቱን እየደቃ ሄደ። ሲሄድ ግን አሳለ።

እኔ ከወጣሁ በኋላ በርሜል ተንፏቆ ወደኔ ቦታ መጥቷል፤ አሁን ከመምህሩ ጎን ነው የሚተኛው። መምህሩም ባለፈው ሳምንት ማሳል ጀምረዋል። የሳቸው ኩባያ ያኔ ንጹህ ነበር።

ብናገር አመክሮዬ ይቀራል። የጤና ምርመራ ማጭበርበር ከባድ ጥፋት ነው። ሁለት ዓመት ከመንፈቄን እዚሁ እጨርሳለሁ። ዝም ብል ግንቦት ላይ በሩን እወጣለሁ። ሁለት ወር ዝም ብያለሁ፤ አልዋሽሽም። አሁን ግን አልቻልኩም። ምን ላድርግ? አንቺ ያልሽኝን አደርጋለሁ። ቶሎ ጻፊልኝ።

ወንድምሽ


መጋቢት 6

ለውድ ወንድሜ፣ ለዐይኔ ብርሃን፣

የማይተኛ ጠባቂ ይጠብቅህ። ያለምህን ያሳካልህ፤ ጠላትህን ያስታግስልህ፤ እግርህን ከእንቅፋት፣ ስምህን ከሐሜት ያድንልህ። መወፈርህን ሰምቼ ደስ አለኝ። እኔም ደህና ነኝ፤ አየሩም ደህና ነው፤ ጉልበቴም ተሽሎታል።

መልሴ ስለዘገየብህ አትቀየመኝ። ደብዳቤህ የደረሰኝ ገና አሁን ነው። ሰሞኑን እዚህ ፖስታው ተበላሽቷል፤ ሁሉም ሰው ያማርራል።

በነገሩ አስቤበታለሁ። እስከ ሚያዝያ ዝም በል። የቀረው አንድ ወር ተኩል ነው። ያ ሰውዬ አንተው እንዳልከው ጠንካራ ነው፤ በአንድ ወር ተኩል ምንም አይሆንም። ነግረኸዋል፤ አልሰማም። ከዚህ በላይ ዕዳ የለብህም። ነርሷም ሥራዋን ከሠራች ራሷ ትደርስበታለች። ከወጣህ በኋላ ከውጭ ሆነህ ትጽፍላታለህ፤ ያኔ ማንም አይነካህም።

ለዓመታት ሳልወስድ ያጠራቀምኩትን ፈቃድ ለግንቦት አስመዝግቤያለሁ። ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ አይሃለሁ። ሹፌሩ የኋላ ክፍሉን ግድግዳ ቀብቶልናል።

ኪኒንህን ዋጥ። በርታ።

የምትወድህ እህትህ


መጋቢት 27

ለእታለም፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ስለ ምርቃቱ ሁሉ አሜን ብያለሁ።

መጋቢት 20 ነው ደብዳቤሽ የደረሰኝ። ሁለቴ አገላብጬ አነበብኩት። አንድም ጥያቄ የለውም። አንቺ ሳትጠይቂ የጻፍሽልኝ የመጀመሪያው ደብዳቤ ነው። ስለ መምህሩም አንዲት ቃል አልጻፍሽም። ያኔ ገባኝ፤ ፈርተሻል። ፈርታም ቢሆን ዝም በል ያለችኝ ስለምትወደኝ ነው አልኩ። ያንን ቀን ዝም ብዬ ዋልኩ። በማግስቱ ጠዋት ነርሷ ኪኒኔን ይዛ ስትመጣ ከመዋጤ በፊት ሁሉንም ነገርኳት። አሳድገሽኝ ቃልሽን ስጥስ ይህ የመጀመሪያዬ ነው፤ ይቅር በይኝ።

አልሰደበችኝም። አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። "ስንት ሰው ነው በዚህ መንገድ አክታ የሰጠኝ?" አለች። አላውቅም አልኳት። ያኑ ዕለት አርባ አንዱንም አንድ በአንድ ፊቷ አቁማ አስተፋቻቸው፤ ደማቸውንም አየች። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነ እንጂ፣ ያን ዕለት ያልተሸጠ አክታ አልነበረም ለካ። አንዱ ኳስ ተጫዋች ብቻውን ለሦስት ሰው ሞልቷል። ስምንት ሰው ቲቢ ተገኘበት፤ ከስምንቱ ሦስቱ ሁለቱም በሽታ አለባቸው።

በርሜልን ከኔ አጠገብ ባለው አልጋ አስተኝተውታል። ሸሚዙን ሲያወልቅ አየሁት፤ ያ ደረት የለም፤ ልብሱ ነው ወፍራም ያስመሰለው። በሁለተኛው ቀን ወተቱን ቀምሶ "ለዚህ ነው እንዴ? ውሃ እኮ ነው" አለኝ። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞሮ፣ "መልሰህ አልለጠፍከውም ማለት ነው" አለ። "አልለጠፍኩም" አልኩት።

መምህሩ ከሦስቱ አንዱ ነበሩ። ደማቸው ውስጥ መኖሩን በሕይወታቸው አያውቁም። ነርሷ ስትደርስባቸው መቀመጥ አቅቷቸዋል። በዚያው ቀን ወደ ከተማው ሆስፒታል ወሰደቻቸው። መጋቢት 24 ሞቱ። ልጃቸው በጠያቂ ቀን መጥታ ከሽቦው ፊት ቆማ ስማቸው እስኪጠራ ትጠብቅ ነበር አሉኝ።

ከበርሜል ይሁን ከኔ የያዛቸው አይታወቅም። ወራት ሙሉ በቀኜ ተኝተው እኔ ስስልባቸው ኖሬያለሁ። ይህን ነርሷን ጠየቅኳት፤ መለያ መንገድ የለንም አለችኝ። "ከሦስት ሳምንት በፊት ቢደርሱኝ ኖሮ ግን" አለችና ዓረፍተ ነገሯን አልጨረሰችውም።

ያቺን ሦስት ሳምንት በልቤ እመላለስባታለሁ። በአንቺ አላሳብብም እታለም። መልሱን እያወቅኩ ነው የጠየቅኩሽ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሉ የለ? እያወቀ የሚጠይቅ ሰው ጥፋቱን የሚካፈለው ነው የሚፈልገው። ፖስታው ደግሞ በዚያው ሰሞን መበላሸቱ፤ ያንን ማን ያዝዘዋል።

አመክሮው ቀርቷል። ከስፌት ክፍሉም ስሜ ተሠርዟል። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ አለኝ። ፈቃድሽን አታባክኚ፤ ሌላ ጊዜ አውጪው። ነርሷ በሽታህ ከእንግዲህ አይጋባም ብላ ስለፈቀደችልኝ ጠዋት ጠዋት ሰልፉ ላይ ቆሜ ኪኒኔን በግልጽ እውጣለሁ፤ ስሜን እስካሁን አልረሱትም።

ወንድምሽ


ሚያዝያ 15

ወንድሜ፣

ሰላምታውን በኋላ እጽፈዋለሁ፤ ከቻልኩ።

የጥር 29 ደብዳቤህ የካቲት 13 ቀን በእጄ ገብቷል። ፖስታው ደህና ነው። እዚህ ሀገር ፖስታ ተበላሽቶ አያውቅም። ቆሜ አነበብኩት፤ ከዚያ ትራሴ ሥር አስቀመጥኩት። ሃያ ሦስት ቀን እዚያ ነበር። በየማታው ራሴን አስደግፌበት ተኝቻለሁ።

ያኔ ምን አስብ እንደነበር ልንገርህ። ቶሎ ከመለስኩልህ "ተናገር" ነው የምለው፤ ሌላ መልስ የለውም። ከዘገየሁ ግን ሚያዝያ ይቃረባል፤ አንተም ተስፋ ቆርጠህ ዝም ትላለህ፤ እኔም ዝም በል አላልኩህም ማለት ነው። ቀን እያስቆጠርኩ ሳላስታውቅህ ላወጣህ ነበር። ሦስት ሳምንት ሲሞላ ግን ልትናገር ትችላለህ ብዬ ደነገጥኩ፤ ያኔ ነው ያንን የምርቃት ወረቀት የጻፍኩልህ። የመምህሩን ሳል አንብቤዋለሁ። ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። እንዲህ ያለ ሳል ያለበትን ሰው አንሶላ በየሳምንቱ አጥባለሁ፤ ስንት ሳምንት እንደሚቆይ ከሐኪም እኩል ዐውቃለሁ። እያወቅኩ ነው ያልጻፍኩት። እሳቸው ለኔ በእጃቸው አንድ ገጽ ጽፈዋል።

ስንቱን ጠረጠርኩ! ሹፌሩን ጠረጠርኩ፣ ያቺን ምስኪን ልጅ ጠረጠርኩ፣ ያንተን ነጠላ ሰረዝ ሳይቀር ጠረጠርኩ። ራሴን መጠርጠር ግን አንድ ቀን ትዝ ብሎኝ አያውቅም።

በፖስታው ማሳበብህን ተው። በዚያ ሦስት ሳምንት ውስጥ አንተ የለህበትም። የኔ ነው።

ፈቃዴን አልሰርዝም። ግንቦት ላይ መጥቼ ከሽቦው ወዲህ እቆማለሁ። ለበርሜል ይህን ደብዳቤ አንብብለት፤ ሊሰድበኝ ከፈለገ ስመጣ ፊት ለፊት ይስደበኝ።

ከዚያ በፊት አንድ ነገር እለምንሃለሁ፤ ከዚህ በኋላ ሌላ ነገር አልጠይቅህም። የመምህሩን ልጅ አድራሻ ከነርሷ ተቀብለህ ላክልኝ። ልጽፍላት ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ወረቀት ፊት ተቀምጬ እንዴት እንደምጀምር አላወቅሁም። ፖስታው ዘገየ ብዬ ግን አልጽፍላትም።

እህትህ